ሠላሳ መርፌ

የጠባቡ መንገድ ስሙ መኪና ግርግር፣
ጎማ የሌለው መኪና የሚነዳ በእግር።
ሠላሳ ዓመት ነዳሁ፣ አንድ ክንድ አልሄድሁም፣
ከፈረስ መጋላ ፈቀቅ አላልሁም።

ረምላ ከጎኔ ቁጭ ብላ ቁልፍ ስትተክል፣
ቀዳዳና ቁልፉ ይመጣሉ እኩል።
ዓይኔ ከደከመ ስድስት ዓመት አልፏል፣
የመርፌው ቀዳዳ ከእኔ ተሰውሯል፤
ክሩን በምራቄ አሹዬ ሳስጠጋው፣
ነጠቅ አድርጋ እሷ በአንድ ትንፋሽ ታስገባው።

አምና ተፈትና መጣች አንገቷን ደፍታ፣
«በአራት ነጥብ» አለች መቀሱን አንስታ።
«መቁረጫ ነጥብ ነው» አሉ የመለሳት፤
መቁረጫ ስል እኔ መቀስን ነው የማውቃት፣
ጨርቅ እንጂ ሰው ስትቆርጥ ከቶም አላየኋት።
ምን ይባላል? ዝም አልሁ። ሻይ አዘዝሁ፣ ስኳር የበዛበት።
አርባ የተማሪ ሸሚዝ ነበረብን፣ ቁልፍ ያልገባበት።
ያን ቀን ሁለት መቶ ሰማንያ ቁልፍ ተከለች፤
አንዱንም አላጣመመች።
አላለቀሰችም። ዓይኔ አያይ፤ ምናልባት አልቅሳለች።

ከዚያ ወዲያ፣ የሱሪ ልክ በጻፍሁበት ካርቶን ጀርባ፣
አራት ክፍል ልብ ሥላ፣ ደም ሲወጣ፣ ደም ሲገባ።
በአንድ ፊቱ ወገብ ሰማንያ ስምንት፣ ርዝመት መቶ ሁለት፤
ገልብጠው፣ ቀኝ ጓዳ ግራ ጓዳ ያለው ቤት።
አንድ ቀን ተሳስቼ፣ ካርቶኑን ገልብጬ፣
ደንበኛን በልብ ልክ ልሰፋው ነበር ቆርጬ።

ደግሞ ያች ቀን፦ መርፌው አውራ ጣቴን ሲበሳው፣
ጥፍሬን ዘልቆ ሲሰበር፣ መንደሩ ጩኸቴን ሲሰማው፣
ሁሉም «ዋይ» ሲል ቆሞ፣ እሷ መንኮራኩሩን ወደኋላ አዙራ፣
«ጋሼ፣ የልጅዎ ስም ማነው?» አለችኝ፣ እንደ ቀልድ፣ እንደ ተራ።
«ሙኽታር» ብዬ ሳልጨርስ ብረቱን በእጇ አየሁት፤
ጠርዙ እንደተዘመዘመ ነው የጣቴን መጠቅለያ ያገኘሁት።

ዘንድሮ ምደባው ወጣ ሲባል፣ ኔትወርኩ ደግሞ ጠፋ።
ጣራ ላይ ወጣች፣ ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታ በተስፋ፤
ታች እኔ፣ እግሬ ፔዳል ላይ፣ የምሰፋውን ሳላውቅ ስሰፋ።
ከዚያ ድምፅ። «ጋሼ! ነርሲንግ! እዚሁ ሐረር!»
ሰፈሩ መኪናውን አቆመ፤
ጸጥ አለ ያ ሁሉ ግርግር።

እልል አሉ ሴቶቹ። አንዱ፣ «እኔ ዶክተር መስሎኝ» አለ ቅር ብሎት።
«ሌሊቱን ሙሉ አጠገብህ የሚቆመው ማነው?» አልሁት።
የእኔስ አጠገብ ማን ይቆማል?
ይህን ግን ለማንም አላወጣሁት።

ነጩን ጨርቅ እኔ ገዛሁ። ብር ብታወጣ ተቆጣሁ።
ትከሻዋን ለካሁ፣ ሁለቴ፤ ቁጥሩን በቃሌ ያዝሁ።
ኪስ ሦስት፦ አንዱ ለመቀስ፣ አንዱ ለእስክሪብቶ፣
ሦስተኛው እንዲያው ይኑር፤
የሰው ነገር ብዙ ነው፣ የሚይዘው አያጣም ከቶ።
ቁልፉን ግን እምቢ አለች፣ «ይህ የእኔ ሥራ ነው» ብላ፤
ሰባቱንም ተከለች፣ ለሰው ስትተክል ኖራ፣
ለራሷ ገና ያን ቀን፣ ረምላ።

ኮሌጁ ሩቅ አይደለም፣ ከግንቡ ወጣ ብሎ ነው፣
በባጃጅ አሥር ደቂቃ።
ግን ዶርም ገባች። ወንበሯ ባዶ ነው፣ ቅዳጅ ጨርቅ ተጭኖበት፣ አልጋ መስሎ ለዕቃ።

በሄደች ማግስት ሱቁን ስከፍት የመርፌውን ትራስ አነሣሁ፣
ጃርት መስሎ እጄን ወጋኝ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰድሁ፤
ሠላሳ መርፌ፣ ሠላሳ ክር፣ ገብቶ፣ ተቋጥሮ፣
ጥቁሩ ለብቻ፣ ነጩ ለብቻ፣ ቡኒው ዳር ላይ ተደርድሮ።

በቀን አንድ እነቅላለሁ።
ክሩ ሲያልቅ መርፌዋን መልሼ እሰካለሁ፣ ባዶዋን።
ትናንት ደወለች፤ «መርፌ የሚያስይዙን የዛሬ ዓመት ነው» አለች።
«አንቺን?» አልኋት። ከት ብላ ሳቀች።
ዘጠኝ ቀርተዋል።
ቅዳሜ እመጣለሁ ብላለች።